የበረኛው መልቀቂያ

ሃሩኩ ደሴት፣ ሜይ 6 ቀን 1984

ይድረስ ለእህቴ ለዶርቴያ፤

ባሕሩ በሰላም አሻግሮኝ እናታችን ቤት ገብቻለሁ። አንቺስ እንዴት ነሽ? ሆድሽስ? ባልሽ ዋሉዮስ? እኔ መርከቡ ላይ ካስቸገረኝ ማቅለሽለሽ በቀር ደህና ነኝ።

ሰማራንግ ወደብ ልትሸኚኝ መጥተሽ ስታጪኝ ተቆጥቶ የሄደ መስሎሽ ማዘንሽን ጽፈሽልኛል። ቁጣ አይደለም። አልቅሰሽ ታስለቅሺኛለሽ ብዬ ነው ቀደም ብዬ የተሳፈርኩት። ስንት ሰው በስሙ የሚጠራው በረኛ ወደብ ላይ ሲነፋረቅ ታየ እንዲባል አልፈለግሁም። ይቅር በይኝ።

ዋሉዮ አድበስብሶ ያለፈውን ንገረኝ ብለሻል። ነገሩ ረጅም አይደለም። እኔና ዋሉዮ ስንፈርም ማንም አያውቀንም ነበር፤ በሰጡን ላይ ፈረምን። ውሉ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ከዚያ ወዲህ ግን ሩፒያው ወደቀ፣ ሩዙ ተወደደ፣ እኛም ያንን የኳስ ክለብ ከጭራ አንስተን ሁለተኛ አደረግነው። ቡድኑ በሙሉ ተመካክሮ «ደመወዛችን ይታይልን» ብሎ ጠየቀ። የክለቡ ሊቀመንበር ፓክ ሃርጆኖ እዚያ የአውቶቡስ ድርጅቱ ቢሮ ተቀምጦ ሳቀብን።

«መልኪ» አለኝ፣ «አንድ ሰው አውቶቡሴ ላይ ትኬት ቆርጦ ከተሳፈረ በኋላ መንገድ ላይ ዋጋ ይስተካከልልኝ ይላል?»

«ጌታዬ፣ እኛ ተሳፋሪዎች አይደለንም፤ አውቶቡሱን የምንገፋው ነን» አልኩት።

ሳቁ ያን ጊዜ ቆመ። በማግስቱ ልምምድ ያልመጣ ይቀጣል ተባለ፤ ልጆቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። አልፈርድባቸውም፤ ሁሉም የሚጠብቀው አፍ አለው። በመጨረሻ እኔና ዋሉዮ ብቻ ቀረን። እኔና ባልሽ እጅ ለእጅ ተጨባብጠናል፤ የሁለታችንም ካልተስተካከለ አንዳችንም ሜዳ አንረግጥም። እሱ እዚያው ሆኖ ይነጋገራል፤ እኔ ወንደላጤው ሸክም እንዳልሆንባችሁ ወደዚህ መጣሁ። ሌላ ክለብ እንድሄድ መልቀቂያ ወረቀት ያስፈልጋል፤ መልቀቂያዬ ደግሞ ፓክ ሃርጆኖ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ለማማ ዕረፍት ላይ ነኝ ብያታለሁ። ሻንጣዎቼን ቆጥራ ስታበቃ «ደግ ዕረፍት ነው፤ ድስት ሳይቀር ይዘህ የመጣህበት» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችኝም።

ክለቡ ስለሰጣችሁ ቤት የሰማሁት ወሬ እውነት ከሆነ ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ መልኪ

ሰማራንግ፣ ጁን 2 ቀን 1984

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣ ለካካዬ፤

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ጨው የነካውን ጠርዙን አሸተትኩት። እኔ ደህና ነኝ። ዋሉዮም ደህና ነው። አንተና ማማ እርስ በርስ ተጠባበቁ፤ እሷ ቆማ እንደምትበላ አውቃለሁ፤ አስቀምጣት።

የቤቱ ወሬ እውነት ነው። የክለቡ ቤት ስለሆነ «ልቀቁ» የሚል ወረቀት በራችን ላይ ለጥፈውብን ነበር። ሰፈሩ ሁሉ እየቆመ አነበበው። አንድ ቀን የአሰልጣኙ ሚስት ገበያ ላይ አግኝታኝ፣ «ዶርቲ፣ ባልሽ አምላኩ ደመወዝ ነው እንዴ?» አለችኝ። «አይደለም እመቤቴ፤ ግን አምላክም ሩዝ በዱቤ አይሰጥም» አልኳት። እሷም ሳቀች፤ ዓሣ ሻጩም ሳቀ፤ እኔ ብቻ ነኝ ያልሳቅሁት።

አሁን ግን ነገሩ በርዷል። «ይቀመጡ» ተብሏል። ወረቀቱንም ከበሩ ላይ አንስተውታል። እንዴት ብለህ አትጨነቅ፤ በቃ በርዷል።

ዋሉዮ ወደ ክለቡ ይመላለሳል። ባንተ ቦታ ከሱራባያ ያመጡት በረኛ እግሩ ረጅም፣ እጁ አጭር ነው ይላሉ። ባለፈው እሁድ ሦስት ሲገባበት ደጋፊው ያንተን ስም ይጠራ ነበር፤ ሜዳው ቅርብ ስለሆነ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁት። በቀን አልጋ ላይ ምን ትሠሪያለሽ እንዳትል፤ ሐኪሙ ብዙ አትቁሚ ብሎኝ ነው። መድኃኒት ቅጠል እየዞረች የምትሸጠው ሴትዮ ሆዴን ዳስሳ «ወንድ ነው» አለችኝ። ለጎረቤቴም «ወንድ ነው» ብላታለች። ለሁሉም ወንድ ስትል ነው የምትውለው መሰለኝ።

ለማማ ጨርቅና ሳሙና ልኬአለሁ።

እህትህ ዶርቲ

ሃሩኩ ደሴት፣ ጁላይ 8 ቀን 1984

ለዶርቲ፤

ጨርቁ ደርሷል። ማማ በዚያው እሁድ ለብሳው ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ሰው ሁሉ «ከየት?» እንዲላት ሁለት ጊዜ በመሐል እየተነሣች ውኃ ልጠጣ ብላ ወጣች።

ከማካሳር የመጣው ሰው ማን ነው ብለሽ በሰው ላስጠየቅሽኝ፣ እንዴት እንደሰማሽ አላውቅም እንጂ እውነት ነው። በጀልባ መጥቶ አገኘኝ። ክለባቸው ሊወስደኝ ይፈልጋል፤ የሚከፍሉትም ሰማራንግ ከምናገኘው እጥፍ ነው። ሰውዬው የማማን የሳጎ ገንፎ እየዋጠ «መልቀቂያህን ይዘህ ና፤ በማግስቱ ትፈርማለህ። ያለ መልቀቂያ ግን መልአክም ብትሆን አናስገባህም» አለኝ። እኔም ለፓክ ሃርጆኖ ጻፍኩለት። መልስ የለም።

ሰውዬው ከሄደ በኋላ ማማ «ዕረፍት ላይ ያለ ሰው እንዲህ ሥራ ይበዛበታል?» ስትለኝ ሁሉንም አወጣሁት። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሳህኑን እያጠበች፣ «ቅርንፉዱን ተክለን የምናሳድገው እኛ፣ ከዛፍ የምናወርደው እኛ፤ ዋጋውን የሚናገረው ጀልባው ላይ ያለው ነጋዴ። ይህን እያየህ አድገህ ኳስ ሲሆን ሌላ መሰለህ?» አለች።

«ሌላ እንዲሆን ነው የጠየቅነው» አልኳት።

«መጠየቁ ደግ ነው» አለች።

በጠዋት አሸዋው ላይ እሮጣለሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች ጋር እለማመዳለሁ። ግን ዋሉዮ ምን ሆኖ ነው አንድ መስመር የማይጽፍልኝ? ጽሑፍ እንደሚፈራ አውቃለሁ፤ ቢሆንም «አለሁ» ለማለት ስንት ፊደል ይፈጃል? መልኪ ቃሉን እንደያዘ ነው በይልኝ። እሱ እዚያ ፊት ለፊት ቆሞ ሲከራከርልኝ እኔ እዚህ ዓሣ መብላቴ ያሳፍረኛል።

መልኪ

ሰማራንግ፣ ኦገስት 11 ቀን 1984

ካካዬ፤

ደብዳቤዬ ቢያጥር እግሬ ስላበጠ ነው፤ ቁጭ ብዬ መጻፍ አልችልም።

ያልኸውን ሁሉ ለዋሉዮ አንብቤለታለሁ። ደህና ነው። ሥራ በዝቶበታል፤ ሲመለስ ደክሞት ይተኛል። ቃሌን ይዣለሁ ያልኸውንም አንብቤለታለሁ። ሰላም ይልሃል።

ልጁ ይራገጣል። በዚህ በኩል ሙቀቱ ከባድ ነው።

የምነግርህ ብዙ ነበር፤ ወረቀቱ ሲቀርብ ሁሉም ይጠፋብኛል። ይቅር በለኝ። ማማን ሳምልኝ።

ዶርቲ

ሃሩኩ ደሴት፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1984

ለዶርቴያ፤

እግርሽ ተሽሎሻል ወይ? ጤናሽን አስቀድሜ መጠየቄ ከዚህ በታች ያለውን ከጻፍኩ በኋላ ለመጠየቅ አፍ ስለማይኖረኝ ነው።

ትናንት እሁድ የመንደሩ ሹም ቤት ሬዲዮ ይሰማ ነበር። «መልኪ፣ ክለብህ ነው፤ ና እንጂ» ብለው ጠሩኝ። የመንደሩ ሰው በረንዳው ላይ ሞልቷል። እኔ ከበሩ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ጨዋታው እንደተጀመረ ተናጋሪው «ዋሉዮ በግንባሩ አወጣው» አለ። ጃቫ ውስጥ ስንት ዋሉዮ አለ አልኩ ለራሴ። ትንሽ ቆይቶ «አምበሉ ዋሉዮ» አለ። ከዚያ «ከጭቅጭቁ የተመለሰው አንጋፋው ተከላካይ» አለ። ከዚያ በኋላ ሌላ ዋሉዮ ልፈልግ አልቻልኩም።

ሰው ሁሉ ሬዲዮውን ማየት ትቶ እኔን ያይ ጀመር። የድሮ አስተማሪያችን ሌክስ፣ ታውቂዋለሽ ነገር በሆዱ አያድርም፣ «የእህትህ ባል አይደለም እንዴ?» አለኝ።

«ነው» አልኩት።

«እናንተ ሁለታችሁ አብራችሁ አልነበረም እንዴ ያኮረፋችሁት?»

«ነበር። ግን በደንብ እየተጫወተ ነው» ብዬ ተነሣሁ።

መፈረሙ አይደለም የቆጨኝ። ሚስት አለው፣ ልጅ እየመጣበት ነው፤ «መልኪ፣ አልቻልኩም» ብሎ ቢጽፍልኝ «እሰይ፣ ግባ» እለው ነበር። የቆጨኝ፣ እኔ ወር በወር ቃሌን ይዣለሁ እያልኩ ስጽፍ አንቺ አንብበሽለት፣ እሱ ሰምቶ፣ ከዚያ ጫማውን አንጠልጥሎ ወደ ልምምድ መሄዱ ነው። በሁለታችሁ ፊት ስንት ወር ሞኝ ሆኜ ቆየሁ? ይህን ከእህቴ አፍ ሳይሆን ከሹሙ ሬዲዮ ሰማሁት።

ለጊዜው አትጻፊልኝ። ነገ የቅርንፉድ ለቀማ ይጀመራል፤ ሥራ አለኝ።

መልኪያኑስ

ሰማራንግ፣ ኦክቶበር 1 ቀን 1984

ካካ፤

አትጻፊልኝ ብለሃል፤ እጽፋለሁ። ካልፈለግህ ሳትከፍተው አስቀምጠው፤ አንድ ቀን ታነበዋለህ።

ሜይ መጨረሻ ላይ የክለቡ ሰዎች ዕቃችንን ሊያወጡ በጭነት መኪና መጡ። ዋሉዮ በር ላይ ቆሞ ይለምናቸዋል። እኔ ሞኟ፣ እነሱ እንዳይነኩብኝ ብዬ የሩዙን ጆንያ ለማንሳት ጎንበስ አልኩ። ደም ፈሰሰኝ። ዋሉዮ ተሸክሞኝ ሐኪም ቤት አደረሰኝ፤ እዚያ ዋስ አምጣ አሉት። ከየት ያምጣ? የክለቡ ጸሐፊ ተከትሎን መጥቶ ኖሯል። ኮሪደሩ ላይ «እዚህች ላይ ፈርም፤ ሚስትህም ትታከም፣ ቤትህም ይቀመጥልህ» ሲለው ሰማሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ዋሉዮ ጠረጴዛ እንኳ ስላልነበረ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈረመ።

ብጮህ ይተወው ነበር። አልጮህኩም። ይህን ስታኮርፍ ለሱ ብቻ አድርገህ አታኩርፍ።

የተጨመረለት ምንም የለም፤ የድሮው ደመወዝ ነው። ግን ከመፈረሙ በፊት ጸሐፊውን ስላንተ ጠይቋል። «እኔ ውሌን ላክብር፤ መልኪን ግን ልቀቁት፤ ሌላ ቦታ ይሂድበት» አለ። ፓክ ሃርጆኖ በማግስቱ ቢሮው አስጠርቶት «በረኛዬን ለሰው አስታቅፌ? እስቲ የዓመቱን ጨዋታ ጨርስልኝና እናያለን» አለው። ከዚያ ወዲህ ዋሉዮ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው። ጻፍለት ስለው «መልቀቂያውን በእጄ ሳልይዝ ለመልኪ ምን ብዬ ነው የምጽፈው?» ይለኛል። ጭራሽ እንዳልነግርህ አስምሎኛል። አንተ «ቃሌን ይዣለሁ» ብለህ የጻፍካትን ሳነብለት ተነሥቶ ጓሮ ወጣ፤ ያን ቀን ምሳውን አልበላም።

ሐኪሙ ቀኔ ደርሷል ብሎኛል። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ሰላም ሁን፤ ደህና መሆንህን ብቻ በአንድ ቃል ላክልኝ።

ዶርቲ

ሰማራንግ፣ ዲሴምበር 9 ቀን 1984

ካካዬ፤

መልስ ባላገኝም እነሆ ምሥራች። ወልጃለሁ። ሴት ናት፤ የቅጠል ሻጯ ነገር ከንቱ ሆነ። በማማ ስም ሳርሊንታ ብለናታል። ፀጉሯ እንደ እኛ ጥቅል ነው፤ አገጯ ያባቷ ነው። ጤነኛ ናት፤ እኔም ቆሜ እሄዳለሁ።

ሁለተኛው ምሥራች ከዚህ ጋር ታሽጓል። መልቀቂያህ ነው። ማኅተሙን እየው፤ ፊርማውን እየው፤ እውነተኛ ነው። ዋሉዮ ራሱ ከፓክ ሃርጆኖ እጅ ተቀብሎ፣ ዝናብ እንዳይነካው በሸሚዙ ውስጥ አድርጎ አመጣው። በፖስታ እንዳይጠፋ ለሰፈራችን መርከበኛ ሰጥቼዋለሁ። እንዴት አገኘው እንዳትለኝ፤ አትንገሪው ብሎኛል።

ማካሳሮቹ እስካሁን ይፈልጉሃል፤ ዋሉዮ አስጠይቋል። ልምምዳቸው ፌብሩዋሪ ላይ ይጀምራል። ሂድ እንግዲህ። ከኛ ጋር ባትታረቅም ሂድ። ያ ሁሉ በከንቱ እንዳይሆን።

ዋሉዮ አሁን ሊጽፍልህ ወረቀት ዘርግቶ ተቀምጧል። ስምህን ጽፎ ቆሟል። አንተ መጀመሪያ አንድ ቃል ብትል ይቀለዋል።

ዶርቲ

ሃሩኩ ደሴት፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 1985

ለዶርቲና ለዋሉዮ፤

እንኳን ማርያም ማረችሽ። ማማ የስሟን ነገር ስትሰማ መጀመሪያ «ይህ የድሮ ስም ነው፤ ልጅቷን አስረጃችኋት» አለች፤ ከዚያ ለመንደሩ ሁሉ ቤት ለቤት ነገረች። ጽሑፌ ቢንጋደድ ጀልባ ውስጥ ሆኜ ስለምጽፍ ነው።

መልቀቂያው ደርሶኛል። ዋሉዮን እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ። የኦክቶበሩንም ደብዳቤ አንብቤዋለሁ። በዚያ ኮሪደር እኔም ብሆን እፈርም ነበር። ቂም የለኝም፤ ይህን እንደ ወንድም እመኑልኝ።

ማካሳር ግን አልሄድም። አስቤበታለሁ። ማማ አርጅታለች፤ ዛፎቹም ሰው ይፈልጋሉ። ኳሱ ይበቃኛል። ሰው እስከ ሽበት በረኛ አይሆንም። እዚህ ሰላም ነው፤ ጠዋት ባሕር እወርዳለሁ፣ ከሰዓት ዛፎቹን አያለሁ። ልትለምኑኝ አትድከሙ፤ ሐሳቤ አይለወጥም።

ልጅቷን ሳሙልኝ።

መልኪ

ሰማራንግ፣ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1985

ካካ፤

በልጅነታችን አንድ ነገር ካልፈለግህ «ጠግቤአለሁ» ትል ነበር። ደብዳቤህ እንደሱ ነው። ጠግቤአለሁ ይላል።

ዋሉዮ አነበበው። ደግሞ አነበበው። አጥፎ ኪሱ ከተተና «ልክ ነው፤ እኔም ብሆን ከእኔ እጅ አልቀበልም ነበር» ብሎ ወደ ልምምድ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ነው። ልጅቷን ያቅፋል፣ ይስማል፣ ይመልስልኛል። ስምህን አይጠራም።

እንግዲህ ያስማለኝን መሐላ አፍርሼ እነግርሃለሁ። መልቀቂያህ በነፃ አልተገኘም። ጨዋታው ሲያልቅ ፓክ ሃርጆኖ ቃሉን አጠፈ። ዋሉዮ ደጁን ሲጠና ከረመ። በመጨረሻ ሰውዬው «እሺ፣ በረኛውን ልልቀቅ፤ አንተ ግን ሌላ ሦስት ዓመት፣ በዚሁ ደመወዝ» አለው። ዋሉዮ ፈረመ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ካካ። ያን ሲጨርስ ማንም አይፈልገውም። የመጨረሻ ውሉን ላንተ አስይዞ ነው ያንን ወረቀት ያመጣልህ። አንተ ደግሞ ስለ ዛፍ ትጽፍልናለህ።

እናታችን ዛፍ ለማየት አንተን አትፈልግም። አንተ ሳትወለድ ታያቸው ነበር። ኩራት ነው ይሄ፤ ቂም አልያዝኩም የሚል ኩራት። ቂም ብትይዝ ይሻለን ነበር፤ ቂም ይለመናል።

በዚህ ደብዳቤ ብትቀየመኝም አልጸጸትም።

ዶርቲ

ሃሩኩ ደሴት፣ ማርች 15 ቀን 1985

እህቴ ዶርቲ፤

የጻፍሽው ሁሉ ይገባኛል። አልተቀየምኩም። ነገር ግን ኩራት አይደለም። ኩራት ቢሆን ምንኛ ደስ ባለኝ።

ባለፈው ሴፕቴምበር፣ ያን የሬዲዮውን ደብዳቤ በጻፍኩልሽ ማግስት፣ ለቀማ ወጣሁ። በንዴት የሚወጣ ሰው ዛፍ አያይም። ማማ ከሥር ሆና «ውረድ፣ ያ ቅርንጫፍ አይችልህም» ስትለኝ ሰምቻለሁ። ጥቂት ልጨምር ብዬ እጄን ስዘረጋ ከሥሬ ተገነጠለ። የወደቅሁት በቀኝ እጄ ላይ ነው። አንጓው ተሰበረ። ወጌሻው አሽቶ አሰረኝ። አይድንም ሲሉኝ አምቦን ከተማ ሆስፒታል ሄድኩ፤ አጥንቱ ተጣሞ ገጥሟል፣ ጊዜው አልፏል አሉኝ። አሁን ማንኪያ ይይዝልኛል። ጣቶቼ ግን ኳስ ላይ አይገጥሙም። ሞክሬዋለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች በቀስታ መቱልኝ፤ ኳሱ እጄን አልፎ ገባ። ማንም አልሳቀም። ያን ጊዜ ነው ማለቁን ያወቅሁት።

ያ የተንጋደደው ጽሑፍ የግራ እጄ ነው። ይኼኛውም። ጀልባ አልነበረም።

የኦክቶበር ደብዳቤሽ ሲመጣ በትኩሳት ተኝቼ ነበር። ደም ፈሰሰኝ የምትለዋን አነበብኩ። ልትወልጂ ደርሰሻል። ለእንዲህ ያለች ሴት ወንድምሽ ተሰበረ ተብሎ ይጻፋል? ስትወልድ እነግራታለሁ አልኩ። ስትወልጂ ደግሞ መልቀቂያው አብሮ መጣ። ማማ ማኅተሙን በጣቷ እየዳሰሰች አለቀሰች፤ እኔ እንኳ አላለቀስኩም። የሚሠራበት እጅ ሲጠፋ የመጣ ወረቀት ነው፤ ይህን ለዋሉዮ ከምነግረው ኳስ ጠላሁ ብል ይቀለዋል ብዬ አሰብኩ። የሚቀለው መስሎኝ ነበር።

ንቄው መስሎት እንዲኖር ግን አልችልም። ስለዚህ ንገሪው። ጨዋታ ሊሄድ ሲል አይሁን፤ ምሳ በልቶ፣ ልጅቷን አቅፎ ሲቀመጥ ንገሪው። ከዛፍ የወደቅሁት በሱ አይደለም በይው። የወጣሁት እኔ ነኝ፣ አልወርድም ያልኩትም እኔ ነኝ።

መልቀቂያውን መልሼ ልኬዋለሁ። ወደ ፓክ ሃርጆኖ ይውሰደው። በረኛው ለማንም አይሆንም፤ ያልተሠራበትን ወረቀትህን ውሰድ፣ ሦስቱን ዓመት መልስልኝ ይበለው። ምናልባት ሰው ነውና ይራራ ይሆናል።

ወንድምሽ መልኪ

ሰማራንግ፣ ኤፕሪል 21 ቀን 1985

መልኪ፤

ዶርቲ እኔ ልጻፍለት ብላ ነበር፤ እምቢ አልኳት። መጻፍ አልችልም፤ ታውቃለህ። የተሳሳተውን አስተካክለህ አንብብ።

ነገረችኝ። እንዳልከው ልጅቷን አቅፌ ነበር። ዶርቲ ልጅቷን ቶሎ ተቀበለችኝ።

ወረቀቱን ይዤ ፓክ ሃርጆኖ ዘንድ ሄድኩ። እጅህን ነገርኩት። አዘነ፤ አልዋሽህም፣ ከልቡ ነው ያዘነው። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። «እንዲያ ያለ በረኛ በዚች አገር ድጋሚ አይመጣም» አለ። ለእናትህ የሚሆን ጥቂት ነገርም ሰጥቶኛል፣ ዶርቲ ትልከዋለች። ከዚያ ስለ ሦስቱ ዓመት ጠየቅሁት። መነጽሩን መልሶ አደረገና «ልጄ፣ እሱ ሌላ ነው፤ እሱ ውል ነው» አለኝ።

መልቀቂያውን መልሼ ልኬልሃለሁ። ያንተ ስም ነው ያለበት። እዚህ ማንም እጅ እንዲገባ አልፈልግም።

ውሌ ሲያልቅ ሦስታችንም እንመጣለን። ዛፍ መውጣት አላውቅም፤ ከሥር ሆኜ እለቅማለሁ።

አዲሱ በረኛ ክፉ ልጅ አይደለም። ግን ዝምተኛ ነው። አንተ ፊት በቆምኩበት ዘመን ሁሉ ዞሬ አይቼህ አላውቅም። ከኋላዬ «ልቀቀው» ስትል እለቃለሁ፤ «የኔ ነው» ስትል ጎንበስ እላለሁ። ኳሱን የት እንደሆነ ሳላይ።

ባለፈው እሁድ ከማዕዘን ተመትቶ ወደ እኔ መጣ። በግንባሬ ላወጣው እችል ነበር። ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ጎንበስ አልኩ፤ ኳሱ በላዬ አልፎ ገባ። አሰልጣኙ ሜዳው ዳር ድረስ መጥቶ «ማን ጠራህ? ማንን ነበር የምትጠብቀው?» ብሎ ጮኸብኝ።



ዋሉዮ